ውሃው ሳይወርድ ማመልከቻው ይድረስ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ከተማ መስፋፋት፣ ስለ አካባቢ ጥበቃና ስለ ቅርስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የመጡት ከአዲስ አበባ ዳርቻ ነው፦ ከየካ ተራራ ሥር፣ ከአቃቂ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከለሚ ኩራ፣ አንዱም ከሰበታ። ጠያቂዎቹ የተለያዩ ቢሆኑም አቤቱታቸው ይመሳሰላል። ወረዳ ሄደዋል፣ ተናግረዋል፣ መልስ አላገኙም። ስለዚህ ከሙያው መልስ ጋር ወረቀቱ መቼ፣ ለማንና በምን ቃል ቢጻፍ እንደሚሻል አብረን አስቀምጠናል።

ጥያቄ፦ ከኮተቤ

*ከቤታችን በላይ ያለው ዳገት ተመንጥሮ አዲስ ሰፈር እየተሠራበት ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጭቃ የተቀላቀለበት ጎርፍ ግቢያችን ይገባል። ዘንድሮ የቤተ ክርስቲያኑን የአጥር ግንብ ጣለው። ለወረዳው ብንናገር «ይታያል» ተብለን ቀረን። ምን እናድርግ?*

መጀመሪያ ውሃውን እንቁጠረው። አንድ ሄክታር መሬት ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 300 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። ይህ 10 ሺህ ሊትር የሚይዙ 30 ቦቴዎች በሰፈራችሁ አናት ላይ ቢገለበጡ ማለት ነው። ዳገቱ ሣርና ቁጥቋጦ ለብሶ ሳለ ብዙውን አፈሩ ይጠጣዋል፤ የተረፈውንም ሣሩ ያዘገየዋል። ቆርቆሮና አስፋልት ከለበሰ ግን አብዛኛው ሳይሰርግ በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ አፈሩ ጠግቦ ስለሚከርም ባዶው መሬት እንኳ የሚጠጣበት አቅም አይኖረውም። «እዚህ ሰፈር 30 ዓመት ኖረን ጎርፍ አይተን አናውቅም» የሚለው ክርክር እውነት ቢሆንም ከእንግዲህ ዋስትና አይሆናችሁም።

ወደ ግንባታው ወጣ ብላችሁ በቀን ብርሃን ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከሚከተሉት አንዱ ነው። ዳገቱ ሲቆረጥ የወጣው አፈር በሲኖትራክ ተጭኖ በመወገድ ፈንታ በአቅራቢያው ሸለቆ ይደፋል፤ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጭቃ አድርጎ ያወርደዋል። ግቢያችሁ የገባው ውሃ ጭቃ ከያዘ ምንጩ ይህ መሆኑ አይቀርም። ሌላው መውጫ የሌለው ቦይ ነው። ተቋራጩ በራሱ ይዞታ ውስጥ ያማረ የውሃ መውረጃ ይሠራና የይዞታው ወሰን ላይ ሲደርስ ያቆመዋል። ድሮ በሰፊው ተበትኖ ይወርድ የነበረው ውሃ ከዚያ ነጥብ ጀምሮ በአንድ ቧንቧ አፍ ተጠራቅሞ ይተፋል፤ ከሥሩ ያለውን መሬትም በሁለት ክረምት ገደል ያደርገዋል። ከመንገድ በታች የሚያልፈው ቱቦ ጠቦ ወይም በሃይላንድና በፌስታል ተደፍኖ ውሃው መንገዱን ቦይ አድርጎት ሲወርድ ማየትም የተለመደ ነው።

የአጥሩ ግንብ ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ከጀርባው አፈር የሚደግፍ የድንጋይ ግንብ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ በድንጋዩ ድክመት ሳይሆን ከጀርባው በሚጠራቀመው ውሃ ግፊት ነው። ግንቡን መልሳችሁ ስታሠሩ ከ7.5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፕላስቲክ ቧንቧ በየአንድ ሜትር ተኩሉ እስከ ሁለት ሜትሩ ወደ ውጭ ዘንበል ተደርጎ ይቀበር። ከግንቡ ጀርባም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጠጠር ይሞላ። ጠጠሩ ከሌለ ቧንቧው በአንድ ክረምት በአፈር ይደፈናል። በክብደቱ ብቻ የሚቆም የድንጋይ ግንብ የግርጌው ወርድ የከፍታውን ግማሽ ያህል ካልሆነ አትመኑት። ከፍታው ሦስት ሜትር ከደረሰ ደግሞ ያለ መሐንዲስ ስሌት አትጀምሩት፤ ሲወድቅ ሰው ይገድላልና።

ለሸለቆው መድኃኒቱ የድንጋይ ክትር ወይም ጋቢዮን (በሽቦ ሳጥን የታሰረ ድንጋይ) ነው። ወረዳዎች በየዓመቱ ያሠሩታል፤ በየዓመቱም ይፈርሳል፤ ምክንያቱም አናቱ ጠፍጣፋ ተደርጎ ይሠራል። አናቱ ጠፍጣፋ ሲሆን ውሃው መሐሉን ትቶ በጎንና በጎኑ ይዞርና የሸለቆውን ግድግዳ ይበላል። ክትሩ መሐሉ ዝቅ፣ ዳርና ዳሩ ከፍ ያለ ይሁን። ጫፎቹ ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ወደ ሸለቆው ግድግዳ ይግቡ። ውሃው ዘሎ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ትልልቅ ድንጋይ ይነጠፍ፤ አለዚያ ውሃው ከግርጌው ይቆፍርና ክትሩ በአፍጢሙ ይደፋል። በሁለት ክትሮች መካከል ያለው ርቀት የሚወሰነው በዓይን ነው፦ የላይኛው ግርጌ ከታችኛው መሐል አናት ጋር እኩል መስመር ላይ መሆን አለበት። ያለ ሽቦ በደረቅ ድንጋይ የሚካብ ከሆነ ከአንድ ሜትር አይበልጥ። በኋላ ከክትሩ ጀርባ የሚጠራቀመውን ደለል ቬቲቨር ሣርና ቀርከሃ ያጸኑታል። ባሕር ዛፍ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። በምኒልክ ዘመን ከመጣ ወዲህ የከተማዋን ማገዶና ማገር ችሏል፤ ባለውለታ ነው። ነገር ግን ጥቅጥቅ ብሎ ሲበቅል ሥሩ ያለው መሬት ሣር አልባ ስለሚሆን ጎርፉን አያስቆምም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይገባል። የወረዳው ዕቅድ የሚረቀቀው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው፤ ምክር ቤቱም በጀቱን የሚያጸድቀው በዓመቱ መዝጊያና መክፈቻ አካባቢ ነው። በነሐሴ ጎርፍ ገብቶባችሁ በነሐሴ ብታመለክቱ ጥሩ ቢባል የምታገኙት አሸዋ የሞላ ጆንያ ነው፤ ለግንብና ለቱቦ የሚሆን ገንዘብ በዚያ ዓመት ዕቅድ ውስጥ የለምና። ማመልከቻው በየካቲት ወይም በመጋቢት ከገባ ግን ዕቅዱ ውስጥ የመግባት ዕድል አለው። ቦይ ጠረጋ ከሆነ ጥያቄያችሁ እስከ ሚያዝያ ይድረስ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እዚህ ላይ ነው።

ማስረጃውን ግን ዘንድሮውኑ ሰብስቡ። ከአንድ ቦታ ቆማችሁ ሦስት ጊዜ ፎቶ አንሡ፦ መሬቱ ደረቅ ሳለ፣ ዝናቡ እየጣለ፣ ዝናቡ ካባራ ከሁለት ሰዓት በኋላ። ውሃው ግድግዳው ላይ የደረሰበትን ከፍታ በቀለም አስምሩና ቀኑንና ሳንቲ ሜትሩን ጻፉበት። የሦስት የተለያዩ ቀኖች መስመር ያለበት ግድግዳ ከ50 ፊርማ ይልቅ ይናገራል፤ መሐንዲሱ የቱቦውን ስፋት የሚያሰላውም ከዚያ ተነሥቶ ነው።

ደብዳቤው ለወረዳው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ይጻፍ። ግልባጩ ለወረዳው ምክር ቤት፣ ለክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት፣ ለከተማው መንገዶች ባለሥልጣን እና ለእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ይሁን። ምክር ቤቱን አትርሱት። ሥራ የሚሠራው አስተዳደሩ ነው፤ በጀት የሚያጸድቀውና «ለምን አልተሠራም» ብሎ የሚጠይቀው ግን ምክር ቤቱ ነው። «ችግራችን ይታይልን» ብላችሁ አትጨርሱ፤ መልሱም «ይታያል» ይሆናል። ይልቅ በጽሑፍ የሚመለሱ ሁለት ጥያቄዎች አስቀምጡ፦ ከላይ ላለው ግንባታ የተሰጠው ፈቃድ የዝናብ ውሃ ማስወገጃ ንድፍ አለው ወይ? ቦዩ ከይዞታው ወሰን ውጭ የት ድረስ ሊሄድ ታቅዷል? በመዝገብ ቤት አስገቡና ቁጥሩንና ቀኑን በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ አስጽፉ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

አንድ ነገር እንጨምር። በየካ ተራራ ላይ ያለው ዋሻ ሚካኤል ከለስላሳ ቋጥኝ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ ውሃ በጠጣና በደረቀ ቁጥር ቆዳው ይላላል። በዚያ ዳገት ላይ የሚቆፈር ማናቸውም ቦይና መንገድ ውሃውን ወዴት እንደሚልክ ሳይጠና መፈቀድ የለበትም። እናንተ ከዳገቱ በታች ናችሁ፤ እሱም እዚያው ዳገት ላይ ነው። በደብዳቤያችሁ ላይ ጥቀሱት፤ ግልባጭም ለከተማው ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ይድረስ።

ጥያቄ፦ ከአቃቂ ቃሊቲ

*በወንዙ ውሃ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን አለማለሁ። አንዳንድ ሌሊት ከላይ ካለ ፋብሪካ ቀለም ያለው ሽታው የሚከረፋ ውሃ ይለቀቃል። ገዢዎቼም «አትክልትህ በሽታ አለው» ማለት ጀምረዋል። ለማን ልክሰስ? እስከዚያስ ማምረቴን ልተው?*

የሕጉ መንገድ ብዙ ሰው ከሚያስበው አጭር ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ የራሱ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ሰው ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት የማለት መብት ይሰጠዋል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም በውሳኔው ካልተስማሙ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። 60ው ቀን የሚቆጠረው ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የ30 ቀኑ ገደብ ካለፈበት ዕለት ነው። ብዙ አቤቱታ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው፦ ሰው መልስ ሲጠብቅ ዓመት ያልፈዋል፣ የፍርድ ቤቱም በር ይዘጋበታል። ማመልከቻውን ያስገቡበትን ቀን ቀን መቁጠሪያ ላይ ያክብቡት፤ 30ኛውንና 90ኛውን ቀንም እንዲሁ። ማመልከቻው ከወረዳው ይልቅ በቀጥታ ለአዲስ አበባ አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ቢገባና ወረዳው ግልባጭ ቢደርሰው ይሻላል፤ ቀኑ የሚቆጠረው ለዚያ መሥሪያ ቤት ከደረሰ ጀምሮ ነውና።

ስለ ማስረጃው፦ በሃይላንድ ቀድቶ ቢሮ ማድረስ ማስረጃ አይሆንም፤ ከየት እንደተቀዳ ማንም ሊከራከር ይችላል። መዝገብ ይያዙ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቀለም፣ ሽታ፣ ዝናብ መኖር አለመኖሩ፣ የትኛው ቧንቧ እንደሆነ ይጻፉ። ፍሳሽ የሚለቁ ሰዎች ሌሊትንና ከባድ ዝናብን ይመርጣሉ፤ መዝገብዎ ይህን ካሳየ ባለሥልጣኑ ናሙና ለመውሰድ በየትኛው ሰዓት መምጣት እንዳለበት ያውቃል። ናሙናው ከሦስት ቦታ እንዲወሰድ በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ከቧንቧው አፍ፣ ከቧንቧው በላይ ካለው ወንዝ፣ ከቧንቧው በታች ካለው ወንዝ። ከላይ ያልተወሰደ ናሙና ካለ ፋብሪካው «ወንዙ ድሮም ቆሻሻ ነው» ብሎ ያመልጣል፤ አነጋገሩም ሐሰት አይሆንም፤ ወንዙ የከተማዋን ሽንት ቤትና ጋራዥ ሁሉ አጥቦ ነው የሚደርስዎ። የውሃውን አሲድነት የሚያሳይ ርካሽ የፒኤች ወረቀት ይግዙ። ለፋብሪካ ፍሳሽ የሚፈቀደው በአብዛኛው ከ6 እስከ 9 ነው፤ ወረቀቱ 4 ወይም 11 ካሳየዎ ፎቶ አንሥተው ከመዝገቡ ጋር ያያይዙት።

አሁን ከባዱ ክፍል። በዚህ ውሃ ሁለት ዓይነት ጉዳት ይመጣል፤ መለየት ያስፈልጋል። ጀርምና የወስፋት እንቁላል ሊቀነስ ይችላል፦ ውሃውን በጉድጓድ አንድ ሁለት ቀን አሳርፎ ከላይ ከላዩ መጠቀም፣ ቅጠሉ ላይ ከመርጨት በቦይ በሥሩ ማጠጣት፣ ከመልቀሙ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል በዚህ ውሃ አለማጠጣት፣ የተለቀመውንም በወንዙ ውሃ አለማጠብ። እባክዎ ይህን የመጨረሻውን ዛሬውኑ ይተዉት። ለገበያ እንዲያምር በወንዝ የታጠበ ሰላጣ ሳይበሰል ይበላል።

እንደ ክሮምየም፣ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ብረቶች ግን በመታጠብ፣ በሆምጣጤም ሆነ በማብሰል አይወጡም፤ ቅጠሉ ውስጥ ገብተዋል። ክሮምየም ቆዳ ከሚለፋበት የሚመጣ ነው። ቅጠላ ቅጠል፣ በተለይ ቆስጣና ሰላጣ፣ ከሁሉ ይበልጥ ይሰበስቡታል። ቲማቲምና ባቄላ የመሳሰሉ ፍሬያቸው የሚበላ ሰብሎች ባጠቃላይ ያነሰ ይይዛሉ። ስለዚህ ማምረትዎን ከማቆምዎ በፊት የሚያመርቱትን ይቀይሩ። በወንዙ ጥግ ያለው መደብ ለከብት መኖም ሳይሆን ለችግኝ፣ ለአበባ ወይም ለማገዶ ዛፍ ይሁን፤ መኖው ወተት ውስጥ ይገባልና። የሚበላው ከወንዙ ራቅ ባለው መሬት በዝናብ ይብቀል። ገቢው ይቀንሳል፤ ይህን አንደብቅዎትም። ስለዚህ ነው የወረዳው የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤት በዚህ ሽግግር ላይ ችግኝና ገበያ እንዲያመቻች በተደራጃችሁበት ማኅበር ስም መጠየቅ ያለባችሁ፤ ለአንድ ሰው ያልሰጠውን ለማኅበር ሊሰጥ ይችላል።

ይህ የእናንተ ብቻ ጣጣ እንዳልሆነ ለማየት ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ወረድ ማለት ይበቃል። ትልቁም ትንሹም አቃቂ እዚያ ይገናኛሉ። በአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የቆመበት ያ ታሪካዊ ሐይቅ ዛሬ እምቦጭ ያለብሰዋል፤ እምቦጩን የሚቀልበው ከከተማዋ የሚወርደው ፍሳሽ ነው።

ጥያቄ፦ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ጉለሌ

*ከአያቶቻችን የወረስነው የድንጋይና የጭቃ ቤት «በቅርስነት ተመዝግቧል» ተብለናል። ግድግዳው አብጧል፣ ዝናብ ያስገባል። ግንበኛው «በሲሚንቶ እለስነዋለሁ» ይላል፤ ወረዳው ደግሞ «አትንኩት» ይላል። እየፈረሰ ቁጭ ብለን እንየው?*

ቁጭ ብላችሁ አትዩት፤ በሲሚንቶም አታስለስኑት።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው በራሱ ወጪ እንዲጠብቀው ግዴታ ይጥልበታል። በዚያው ልክ ማናቸውም የጥገና ሥራ በቅድሚያ በቅርስ ባለሥልጣኑ መጽደቅ እንዳለበት ያዛል። ስለዚህ «አትንኩት» የሚለው ቃል ግማሹ ብቻ ነው፤ ሙሉው «ሳታስፈቅዱ አትንኩት» ነው። ብዙ ባለ ይዞታ የማያውቀው ነገር፦ ወጪው ከአቅም በላይ ከሆነ መንግሥት ከፊሉን ሊረዳ እንደሚችል አዋጁ ይናገራል። ግዴታ ነው አይልም፤ ግን ካልጠየቃችሁ አይመጣም። መጀመሪያ ቤቱ በማን መዝገብ ላይ እንዳለ አረጋግጡ። በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 839 ቅርሶችን በአገር አቀፍና በክልል ደረጃ ይከፍላል፤ ፈቃድ የምትጠይቁት በዚያው መሠረት ከፌዴራሉ ቅርስ ባለሥልጣን ወይም ከከተማው ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ነው። የተመዘገበበትን ቁጥር የያዘ ደብዳቤ ከቢሮው ወስዳችሁ ከካርታው ጋር አስቀምጡ። አንድ ቀን ኤክስካቫተር በር ላይ ቢቆም «ቅርስ ነው ተብለናል» ማለትና ያንን ደብዳቤ መዘርጋት ሰማይና ምድር ናቸው።

ስለ ግድግዳው። ድንጋዩን ያያያዘው ጭቃ ነው፤ ጭቃ እርጥበት ይጠጣል፣ መልሶም ያስተነፍሳል። ሲሚንቶ ግን አያስተነፍስም። ከመሬት የሚወጣውና ከጣሪያ የሚገባው እርጥበት ከሲሚንቶው ጀርባ ታፍኖ ጭቃውን ያላሽቀዋል። ከሦስት አራት ክረምት በኋላ ልስኑ ያብጣል፤ በጣታችሁ ብትቆረቁሩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ሲወድቅ ድንጋዩን ይዞ ይወርዳል። አሁን ያበጠውን ቆርቁሩት። ባዶ ከጮኸ ምናልባት ከዓመታት በፊት የተለሰነ ሲሚንቶ ሊሆን ይችላል፤ በመሮና በትንሽ መዶሻ ቀስ ተብሎ መነሣት አለበት። ድሪል አይነካውም።

ከልስኑ በፊት ምክንያቱ ይወገድ። ጣሪያው ይጠገን፣ አሸንዳ ይገጠምለት። ቀጥሎ ደጁን እዩ፦ መንገዱ በየጊዜው አፈርና ኮብል እየተደረበበት ከቤቱ ወለል በላይ ወጥቶ ከሆነ ውሃው በግርጌ ይገባል፤ በዚህ ጊዜ ምንም ልስን አያድነውም። በግድግዳው ዙሪያ መሬቱ ዝቅ ተደርጎ ተቆፍሮ በጠጠር ይሞላና ወደ ቦይ ይፍሰስ። በጣሪያው እንጨት ላይ ምስጥ እንዳለም ፈትሹ።

ከዚያ በኋላ ኖራ። ሦስት እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ በውሃ የተዘፈዘፈ ኖራ። ኖራው ቢያንስ ለተወሰኑ ሳምንታት በውሃ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ተቻኩሎ የተለሰነ ኖራ ግድግዳው ላይ እያለ ይፈነዳል፣ ነጭ ነጥብ ነጥብ እያለ ይፈረካከሳል። አንዱ ድርብ ከአንድ ሳንቲ ሜትር እምብዛም አይወፍር፤ ሁለተኛው የሚደረበው የመጀመሪያው ሲጠነክር ነው። በውሃ የራሰ ጆንያ አንጠልጥላችሁ ለአንድ ሳምንት ያህል አርጥቡት። ጥሩው ጊዜ ዝናቡ ካበቃ በኋላ ጥቅምት ነው፤ በየካቲት ፀሐይ የተለሰነ ቶሎ ይሰነጠቃል። ውስጡን በጭድ የተቦካ ጭቃ መለሰን ይቻላል፤ ጭቃውና ጭዱ ለቀናት ተቦክተው ይቆዩ።

የፈቃድ ማመልከቻው ላይ የሁሉንም ግድግዳ ፎቶ፣ በእጅም ቢሆን የተሳለ የክፍሎቹን ንድፍ ከነልኩ፣ የምትጠቀሙበትን ዕቃ ዝርዝር አያይዙ። በርና መስኮቱን፣ ጽዱም ሆነ ወይራው፣ በብረት አትለውጡ፤ የበሰበሰው ግርጌ ብቻ ተቆርጦ በተመሳሳይ እንጨት ይቀጠል። ጥር ላይ ካመለከታችሁ ጥቅምት እስኪደርስ ብዙ ጊዜ አላችሁ። መስከረም ላይ ካመለከታችሁ ግን ቤቱ ሌላ ክረምት ይመታዋል።

ጥያቄ፦ ከለሚ ኩራ

*አርሶ አደር ነኝ። መሬቴ «በፕላን አረንጓዴ ነው» ተብሎ ተነገረኝ። ተወሰደብኝ ማለት ነው? ጎረቤቶቼ በሌሊት ቤት እየሠሩ ነው፤ እኔስ?*

አልተወሰደብዎም። ፕላን መሬቱ ለምን አገልግሎት ሊውል እንደታሰበ ይናገራል፤ ይዞታን አይሽርም። ይዞታዎ ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቀው በጽሑፍ ውሳኔ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 ላይ ለንብረትዎ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፈል ያዛል። እስከዚያ ማረስዎን ይቀጥሉ። የጨረቃ ቤት ግን አይሥሩ። ብዙ ሰው ቤት ከሠራሁ ካሳው ይጨምራል ብሎ ያስባል፤ ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት ካሳ የለውም፤ በደንብ አስከባሪ ይፈርሳል፤ ገንዘብዎም አብሮ ይፈርሳል። በወንዝ ዳር ከሆነ ደግሞ ያ አረንጓዴ ቀለም የጎርፉ መንገድ ነው፤ ቤት ቢፈቀድልዎ እንኳ እንዳይተኙበት እንመክርዎታለን።

«ተነገረኝ» የሚለውን ግን ይዘው አይቀመጡ። ክፍለ ከተማው የፕላን መረጃውን በጽሑፍ፣ ከመጋጠሚያ ነጥቦቹ ጋር እንዲሰጥዎ ያመልክቱ። ከዚያ አንድ ወጥመድ አለ። በወረቀቱ ላይ ያሉትን የኤክስና የዋይ ቁጥሮች ወደ ስልክዎ አስገብተው መሬቴ አይደለም ብለው እንዳይደነግጡ። አብዛኛው የአገራችን ካርታ የሚለካው አዲንዳን በሚባል የልኬት መነሻ ነው፤ ስልክ ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው። ቁጥሩ ሳይቀየር ከገባ ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ይርቃል። በዚህ ስህተት ጎረቤትና ጎረቤት ተካሷል። ቀያሽ ይለውጠው።

አሁን የሚሠራበት የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን ከ2009 እስከ 2019 የሚቆይ የአሥር ዓመት ፕላን ነው። በሚከተለው ፕላን ላይ መሬትዎ ለከተማ ግብርና እንዲመደብ ከፈለጉ የሚሰማዎ ረቂቁ ለሕዝብ ውይይት ሲቀርብ ነው፤ ከጸደቀ በኋላ አንዲት መስመር ማንሣት ዓመታት ይፈጃል። ስብሰባው ሲጠራ ይሂዱ፤ ሐሳብዎ በቃለ ጉባኤው ላይ መስፈሩን ሳያዩ አይውጡ።

ጥያቄ፦ ከሰበታ

*መሠረት ስናስቆፍር ጥቁር እንደ መስታወት የሚያበራ የተፈለጠ ድንጋይና የአጥንት ስብርባሪ ወጣ። ብንናገር ሥራው ይቆምብናል ብለን ፈራን።*

ጥቁሩ ድንጋይ ባልጩት ሳይሆን አይቀርም። እናንተ ባላችሁበት አቅጣጫ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኙት መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት እንዲህ ባሉ መሣሪያዎችና በቅድመ ሰው ቅሪቶች ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ከንቱ ላይሆን ይችላል።

በዚያ ቦታ ያለውን ቁፋሮ ብቻ አቁሙ፤ በሌላው ማዕዘን ሥራው ይቀጥል። የወጣውን አትጠቡት፣ አታንቀሳቅሱት፤ ያለበትን ጥልቀት በሜትር ለክታችሁ፣ አጠገቡ እስክሪብቶ አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሡት፤ በሸራ ሸፍኑትና ዙሪያውን ውሃ እንዳይገባ ከትሩለት። የምታመለክቱት ለሸገር ከተማ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው፤ ግልባጩ ለፌዴራሉ ቅርስ ባለሥልጣን ይሁን። ሰበታ ከ2015 ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ስለሆነች ደብዳቤውን አዲስ አበባ ብታስገቡት ሳምንታት ይባክናሉ። አዋጅ 209/1992 ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው እንዲጠብቅ ያዛል። ለፍርሃታችሁም መልስ አለው፦ ባለሥልጣኑ በስድስት ወር ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ ያገኘው ሰው ሁኔታውን ዘርዝሮ ለክልሉ ባለሥልጣን በጽሑፍ አሳውቆ ከኃላፊነት ነፃ ሊሆን ይችላል። ያገኘ ሰው ተገቢ ሽልማት እንደሚሰጠውም አዋጁ ይናገራል።

ስድስት ወሩ እንዲቆጠርላችሁ ደብዳቤው ዛሬ ይግባ፤ ቁጥሩን ከመዝገብ ቤት ሳትቀበሉ አትመለሱ።